ከሞደሙ ወዲህ ያለው የማን ነው?

ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ 35 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው መራዊ ከተማ ይደርሳል። ከከተማዋ አቅራቢያ የቆጋ ወንዝ ተገድቦ የተኛበት ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይገኛል። 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ እንዲይዝ ታስቦ የተሠራው ይህ ግድብ 7,000 ሄክታር የሚሆን መሬት እንዲያለማ የታቀደ ነው። ውኃው ከግድቡ ወጥቶ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋና ቦይ ይጓዛል፤ ከዚያም ወደ ሁለተኛ፣ ወደ ሦስተኛና ወደ አራተኛ ደረጃ ቦዮች እየተከፋፈለ በመጨረሻ ከገበሬው ማሳ ይደርሳል።

ይህ ጽሑፍ ግን ስለ መስኖ አይደለም፤ በየቤታችንና በየመሥሪያ ቤታችን ግድግዳ ላይ ስለ ተሰቀለው ትንሽ የኢንተርኔት ሣጥን ነው። ቆጋን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በመስኖ ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ «ወሰኑ የት ነው?» የሚለው ነው። ግድቡንና ዋናውን ቦይ የሚጠብቅ አንድ አካል ይኖራል፤ ከታች ባሉት ቦዮች ግን ተራ የሚያወጡት፣ ደለል የሚጠርጉትና የተጣሉትን የሚያስታርቁት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ሊሆኑ ይገባል። የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 መነሻውም ይኸው ነው። ውኃው የማሳውን በር ካለፈ በኋላ የትኛው ትልም ቀድሞ ይጠጣ፣ ድንቹ ወይስ ሽንኩርቱ የሚለውን የሚወስነው ባለማሳው ነው።

በኢንተርኔት ጉዳይ ግን አብዛኞቻችን ይህን ወሰን ጨርሶ አስምረን አናውቅም። የዚህ ጸሐፊ አቋም ባጭሩ የሚከተለው ነው፦ እስከ ሞደሙ ያለው የአቅራቢው ነው፤ ከሞደሙ ወዲህ ያለው ግን የባለቤቱ ሊሆን ይገባል። ወሰኑን የሚያሰምረው መሣሪያም ከሞደሙ በስተኋላ የሚቀመጥ የራስ ራውተር ነው።

በመራዊ የሆነው

ወደዚህ አቋም ያደረሰኝ የመጽሐፍ ንባብ ብቻ አይደለም። በመራዊ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ የሚሠሩ አንድ ዘመዴ አሉ። ቤታቸው ሦስት ኮምፒዩተሮች፣ አንድ ማተሚያ እና አንድ የኢንተርኔት መስመር አለው። አንድ ክረምት መብረቅ ሞደሙን አቃጠለውና በሌላ ተለወጠ። በማግስቱ ስልክ ደወሉልኝ።

«መምህር፣ ሞደሙ ተለወጠ፤ ኢንተርኔቱም መጣ። ታዲያ ማተሚያው ለምን አኮረፈኝ?»

«ጋሼ፣ ማተሚያው አላኮረፈም፤ አሁንም የሚፈልገው የድሮውን ሞደም ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። የሱቁ ዋይ-ፋይ ስምና የይለፍ ቃል፣ ለኮምፒዩተሮቹና ለማተሚያው የሚታደለው አድራሻ ሁሉ የተመዘገበው በተቃጠለው ሞደም ውስጥ ነበር። አዲሱ ሞደም የራሱን ስም፣ የራሱን የይለፍ ቃልና የራሱን አድራሻዎች ይዞ መጣ። ስለዚህ እያንዳንዱን መሣሪያ እንደገና ማስተዋወቅ ግድ ሆነ፤ የገበያ ቀን ግማሹ በዚሁ አለፈ።

ሥራውን ስንሠራ ከዚህ የከፋ ነገር አገኘን። ደንበኞች ተራ ሲጠብቁ ስልካቸውን የሚያገናኙበት ዋይ-ፋይ እና የሱቁ ኮምፒዩተሮች የሚሠሩበት መረብ አንድ ነበር። በእነዚያ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ደግሞ የሰው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ፣ የተማሪ ውጤት ማስረጃ፣ የመታወቂያ ቅጂና የፍርድ ቤት ማመልከቻ ተቀምጧል። በተቃጠለው ሞደም ጀርባ ላይ የተለጠፈውን የማስተዳደሪያ የይለፍ ቃልም አንድም ቀን ለውጠነው አናውቅም ነበር። ጥፋቱ የማንም አልነበረም፤ የእኛው ነበር። የሰው ሰነድ በአደራ ተቀብለን በሩን ሳንዘጋ መተኛታችን ነው።

መፍትሔው ውድ አልነበረም። አንድ ራውተር ገዝተን ከሞደሙ ኋላ በአንድ ገመድ አያያዝነው፤ የሞደሙን ዋይ-ፋይ ዘጋነው፤ በራውተሩም ላይ አንዱ ለሥራ ሌላው ለእንግዳ የሚሆኑ ሁለት የተለያዩ የዋይ-ፋይ መረቦች ከፈትን። ከዚያ በኋላ ሞደሙ ለሁለተኛ ጊዜ ሲለወጥ ዘመዴ ያደረጉት አንዱን ገመድ ነቅለው በአዲሱ ላይ መሰካት ብቻ ነበር። ማተሚያው መለወጡን እንኳ አላወቀም።

በአንድ ሣጥን ውስጥ ያሉ ሦስት ሠራተኞች

በተለምዶ «ሞደም» የምንለው ሣጥን በእርግጥ የሦስት ሠራተኞች ቤት ነው። አንደኛው እውነተኛው ሞደም ሲሆን፣ በመዳብ ሽቦ ወይም በፋይበር የሚመጣውን ምልክት ኮምፒዩተር ወደሚረዳው ይለውጣል። ሁለተኛው ራውተር ነው፤ የቤቱን መሣሪያዎች ከውጭው ዓለም ጋር ያገናኛል፣ አድራሻ ያድላል፣ ያልተጠራውን ከበር ይመልሳል። ሦስተኛው የዋይ-ፋይ ማሰራጫው ነው።

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ በተከፈተበት በ1989 ዓ.ም. ይህ ጥያቄ አልነበረም። በስልክ መስመር እየተደወለ አንድ ኮምፒዩተር በአንድ ሞደም ይገናኝ ስለነበር የሚከፋፈል ነገር የለም። ፈጣን መስመር መጥቶ በአንድ ቤት አሥርና ከዚያ በላይ መሣሪያ መገናኘት ሲጀምር ግን ሦስቱ ሠራተኞች በአንድ ሣጥን ታጭቀው ገቡ። ይህ ለአቅራቢውም ለደንበኛውም ቀለል ያለ ነበር፤ ወሰኑን ግን አጠፋው።

ሞደም የሆነውን ሠራተኛ በራሳችን መተካት ብዙ ጊዜ አይቻልም። በተለይ በፋይበር መስመር የአቅራቢው ሥርዓት እያንዳንዱን ሣጥን በተመዘገበ መለያው ያውቀዋል፤ ያልተመዘገበ ሲሰካ አያስገባውም። ስለዚህ የምንጠይቀው የአቅራቢውን ሣጥን መጣል ሳይሆን ከኋላው የራሳችንን ማስቀመጥ ነው። ዋናው ቦይ በቦታው ይቆይ፤ የማሳው በር ግን የእኛ ይሁን።

ሁለት መዝገብ ቤቶች

እዚህ ላይ የባለሙያዎች ተቃውሞ ይነሳል፤ ትክክለኛ ስለሆነ ማስረዳቱ ይገባል። የኢንተርኔት አራተኛው ስሪት አድራሻዎች ብዛት 4.3 ቢሊዮን ያህል ብቻ ነው። ይህ እንደማይበቃ አስቀድሞ ስለታወቀ እ.ኤ.አ. በ1994 የአድራሻ ልወጣ ዘዴ ታተመ፤ በ1996 ደግሞ በየቤቱ ውስጥ ብቻ የሚሠሩ የግል አድራሻዎች በደንብ ተለዩ። በ192.168 የሚጀምሩትን ያላየ የኮምፒዩተር ተጠቃሚ ጥቂት ነው። ይህም ሆኖ በማዕከል የነበረው ነጻ የአድራሻ ክምችት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 አለቀ።

የአድራሻ ልወጣን በፖስታ ሣጥን ቁጥር መመሰል ይቻላል። አንድ መሥሪያ ቤት አንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ብቻ ይኖረዋል፤ በውስጡ ግን ሃምሳ ሠራተኛ አለ። መዝገብ ቤቱ የወጪ ደብዳቤ ሁሉ ማን እንደጻፈው መዝግቦ በዚያው በአንዱ ቁጥር ይልካል፤ መልሱ ሲመጣም ከመዝገቡ አመሳክሮ ለጻፈው ሠራተኛ ያደርሳል። ማንም ያልጻፈለት እንግዳ ደብዳቤ ቢመጣ ግን ለማን እንደሚሰጥ ስለማያውቅ ይተወዋል። የራስ ራውተር ከሞደሙ ኋላ ሲገባ መዝገብ ቤቶቹ ሁለት ይሆናሉ ማለት ነው።

ይህ ምን ይጎዳል? ድረ ገጽ ለማንበብ፣ ደብዳቤ ለመላክ፣ ቪዲዮ ለማየት ምንም አይጎዳም ማለት ይቻላል፤ የሁለተኛው መዝገብ ቤት የሚወስደው ጊዜ ከሺህኛ ሴኮንድ ብዙም አይርቅም። ችግሩ የሚታየው ከውጭ ወደ ውስጥ መግባት ሲፈለግ ነው፦ የሱቁን የጥበቃ ካሜራ ከሌላ ከተማ ሆኖ በቀጥታ ማየት ሲያስፈልግ፣ ወይም አንዳንድ ጨዋታዎችን መጫወት ሲፈለግ በሁለቱም መዝገብ ቤቶች ትእዛዝ መስጠት ያስፈልጋል። አንዳንድ አቅራቢዎች፣ በተለይም በሞባይል መረብ የሚሠሩት፣ በራሳቸው ማዕከል ሌላ መዝገብ ቤት ስላላቸው እዚያ የደንበኛው ትእዛዝ አይደርስም። ለዚህ የተለየ የአድራሻ ክልል እ.ኤ.አ. በ2012 ተመድቧል።

ሁለት መዝገብ ቤት የማይፈልግ ሰው አቅራቢው ሣጥኑን ብሪጅ ወደሚባለው የድልድይ አሠራር እንዲለውጥለት መጠየቅ ይችላል። ያን ጊዜ ሣጥኑ ምልክት መለወጥ ብቻ ይቀረዋል፤ ሌላውን ሁሉ የራስ ራውተር ይረከባል። ካልተፈቀደም ሁለቱ አብረው መኖር ይችላሉ። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ሁለቱ ሣጥኖች አንድ ዓይነት የአድራሻ ክልል እንዳይጠቀሙ ነው። ሞደሙ 192.168.1 የሚለውን ከያዘ ራውተሩን ወደ 192.168.50 ማዞር ይበቃል፤ ሁለት ቀበሌዎች በአንድ ቁጥር ቢጠሩ ደብዳቤው እንደሚጠፋ ሁሉ እዚህም ይጠፋል።

አንድ ሌላ ነገርም ልብ ይሏል። በውስጠኛው ራውተር ሥር ያለ መሣሪያ ከሞደሙ ጋር የተያያዙትን ሊያይ ይችላል፤ ከሞደሙ ጋር የተያያዘው ግን ወደ ውስጥ አያይም። ስለዚህ በአደራ የተያዘ ሰነድ ያለበት ኮምፒዩተር መቀመጥ ያለበት በውስጠኛው ነው። ይህን ገልብጦ የሠራ ሰው ንብረቱን በረንዳ ላይ አስቀምጦ እንግዳውን ጓዳ ውስጥ እንዳስገባ ይቆጠራል።

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

አቅራቢዎች በደንበኛ ቤት ያለውን ሣጥን ከሩቅ የሚያስተዳድሩበት ቲአር-069 የተባለ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጥቶ በዓለም ዙሪያ ተሠራጭቷል። በዚህ መንገድ አቅራቢው ሶፍትዌር ያድሳል፣ ብልሽት ይመረምራል፣ ቅንብር ይለውጣል። ጠቀሜታው የማይካድ ነው፤ ባለሙያ ሳይጓዝ የሩቅ ደንበኛን ይረዳል። ይሁንና ከሩቅ የሚከፈት በር ሁሉ ሌባም የሚሞክረው በር ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 በጀርመን 900,000 ያህል የዶይቸ ቴሌኮም ደንበኞች መሣሪያ የተሰናከለው በዚሁ የርቀት ማስተዳደሪያ በር በኩል በተሰነዘረ ጥቃት ነበር።

ይህን ስል የራስ ራውተር የገዛ ሁሉ ከጥቃት ይድናል ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 ይፋ የሆነው ቪፒኤንፊልተር የተባለ ጎጂ ሶፍትዌር በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 መሣሪያዎችን ይዞ ተገኝቷል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሰዎች በገዛ ገንዘባቸው ከገበያ የገዟቸው ራውተሮች ነበሩ። ባለቤትነት መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነው። ማሳው የኔ ነው ያለ ገበሬ ደለሉን ራሱ ይጠርጋል፤ ራውተሩ የኔ ነው ያለም የይለፍ ቃሉን ይለውጣል፣ ሶፍትዌሩን ያድሳል፣ የማያስፈልግ በርን ይዘጋል።

ጥያቄው በሌላው ዓለምም አዲስ አይደለም። በአሜሪካ የስልክ ኩባንያው ከመስመሩ ጋር የሌላ ሰው መሣሪያ እንዳይያያዝ ለብዙ ዘመን ይከለክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 የአገሪቱ የመገናኛ ኮሚሽን ካርተርፎን በተባለው ጉዳይ መረቡን እስካልጎዳ ድረስ የደንበኛ መሣሪያ መከልከል እንደማይገባ ወሰነ። ከዚህ በኋላ የመጡት የቤት ሞደሞችና ፋክሶች ከዚህ ውሳኔ ብዙ ተጠቅመዋል። በጀርመንም ደንበኛ የፈለገውን ራውተር የመጠቀም መብት እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1 ቀን 2016 ጀምሮ በሕግ ጸንቷል።

የሚነሱ ተቃውሞዎች

«ሁለት ሣጥን ካለ ብልሽቱ የየትኛው እንደሆነ አይታወቅም» ይባላል። በእኔ አስተያየት እውነቱ ተቃራኒው ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ አንድ ኮምፒዩተር በገመድ ከሞደሙ ጋር በቀጥታ ይያያዝ። ከሠራ ጥፋቱ የባለቤቱ ነው፤ ካልሠራ ጉዳዩ የሞደሙና የመስመሩ፣ ማለትም የአቅራቢው ነው። ገበሬ ውኃ ሲያጣ በመጀመሪያ ሄዶ የሚያየው የማሳውን በር ነው፤ ውኃው በሩ ድረስ ከመጣ የራሱን ቦይ ይፈትሻል፣ ካልመጣ ለሚመለከተው ያመለክታል። ወሰን ሲኖር ክርክር ያጥራል።

«ፍጥነት አይጨምርም» የሚለው ተቃውሞ ግን ልክ ነው። የመስመሩ አቅም አምስት ሜጋቢት ከሆነ ምንም ያህል ውድ ራውተር ስድስት አያደርገውም። የሚጨምረው የአከፋፈል ሥርዓት ነው፦ አንድ ሰው ትልቅ ፋይል ሲያወርድ የሌላው የስልክ ጥሪ እንዳይቆራረጥ ተራ ማስያዝ፣ ዋይ-ፋዩንም ከጥግ አንስቶ ሰው ወዳለበት ክፍል ማምጣት ይቻላል።

ወጪውና መብራቱም አይረሳም። መብራት ሲጠፋ ሁለቱም ሣጥኖች ይጠፋሉ፤ ሁለቱንም የሚሸከም አነስተኛ ባትሪ ያስፈልጋል። አንድ ስልክና አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ላለው ቤት የሞደሙን የይለፍ ቃሎች መለወጥ ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ሰነድ ለሚይዝ ሱቅ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያና ለቤተ ሙከራ ግን ወጪው ከሚያድነው አንጻር ትንሽ ነው።

በመጨረሻም ሕጉ አለ። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የቴሌኮም መሣሪያዎችን ጉዳይ የሚከታተል ባለሥልጣን አቋቁሟል፤ የሚገዛው መሣሪያ ተቀባይነት ያለው መሆኑን ማረጋገጥ የገዢው ፈንታ ነው። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ደግሞ ያለ ፈቃድ የቴሌኮም አገልግሎት መስጠትን ያስቀጣል። የራስ ራውተር ማኖር በቤት ውስጥ ያለውን ማስተዳደር ነው እንጂ መስመሩን ለጎረቤት መቸርቸር አይደለም። ከወሰናችን ውጭ የሚያልፍ ሰው ወሰን ይከበርልኝ ሊል አይችልም።

የሌሊቱ ውኃ

በቆጋ አንድ ብልሃት አለ። ውኃ ሌሊትም ይፈሳል፤ ገበሬ ግን ሌሊት አያጠጣም። ስለዚህ በቦዮቹ መንገድ የሌሊት ማጠራቀሚያ ኩሬዎች ተሠርተዋል፤ ሌሊት የሞላው ቀን ይታደላል። የራሱ መረብ ያለው ትምህርት ቤትም ይህን ማድረግ ይችላል። መስመሩ በሚያርፍበት ሌሊት የሶፍትዌር ማደሻዎችን አውርዶ ማስቀመጥ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚነበበውን የዊኪፔዲያ ቅጂ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ጭኖ በውስጥ ዋይ-ፋይ ለሃምሳ ተማሪ ማደል ይቻላል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ይህ ቅንጦት እንዳልሆነ ይረዳል። ከውጭ የሚመጣው ሲቋረጥ በቤት የተጠራቀመው ይቀራል።

ሌላም ጥቅም አለ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ከጀመረ ወዲህ አገሪቱ ከአንድ በላይ የቴሌኮም አገልግሎት ሰጪ አላት። ነገ አቅራቢ መለወጥ የሚፈልግ ተቋም የውስጥ መረቡ በአቅራቢው ሣጥን ውስጥ ከተቀበረ መለወጡ ራስ ምታት ይሆንበታል። የራሱ ራውተር ካለው ግን የሚለወጠው አንድ ገመድ ነው። ምርጫ ዋጋ የሚኖረው መልቀቅ ቀላል ሲሆን ነው።

ምን ይደረግ?

ከአገልግሎት አቅራቢዎች የሚጠበቁ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ደንበኛ ሲጠይቅ የድልድዩን አሠራር በግልጽ ሥርዓት መፍቀድ፤ ሁለተኛ፣ ከሩቅ ምን እንደሚያስተዳድሩና ምን እንደማይነኩ በውሉ ላይ በአማርኛ መጻፍ፤ ሦስተኛ፣ የሣጥኑን የመጀመሪያ የይለፍ ቃል ባለሙያው ከመውጣቱ በፊት በደንበኛው ፊት ማስለወጥ።

ከእኛ ከሳይንስ ፋኩልቲ ሰዎች የሚጠበቀውም አያንስም። ስለ አድራሻ ልወጣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እናስተምራለን፤ ተማሪው ግን የገዛ ቤቱን ሞደም ገጽ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይከፍት ሊመረቅ ይችላል። አንድ ያረጀ ራውተር፣ አንድ ገመድና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል፤ ተማሪው ሁለቱን መዝገብ ቤቶች በእጁ ሠርቶ ይያቸው። ከዚያም በየወረዳው ያለ የፎቶ ኮፒ ቤት፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የሚጠይቀው አንድ የሚያውቅ ሰው ያገኛል።

ዘመዴ በቅርቡ ስጠይቃቸው በሞደሙና በራውተሩ መካከል ያለውን ገመድ በቀይ ፕላስተር ጠቅልለውት አገኘሁ። ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ብጠይቃቸው፣ «ይኸ ድንበሬ ነዋ መምህር፤ ከዚህ ወዲያ ሲበላሽ ስልክ እደውላለሁ፣ ከዚህ ወዲህ ሲበላሽ ራሴን እጠይቃለሁ» አሉኝ። አንባቢም ዛሬ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ያንን ሣጥን ቀና ብሎ ይመልከተውና የራሱ ድንበር የት ላይ እንደሆነ ይጠይቅ።